ሐኪም ስላዘዘ ብቻ አይደለም
«ሐኪም ካዘዘ ነርሷ አትጠየቅም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሐሳቡ አደገኛ ነው። ሐዋሳ 11 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ተቅማጥ ያደከመው በሽተኛ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ወርዶ ነበር። ተረኛው ሐኪም በስልክ «ፖታሲየም ክሎራይዱን በቀጥታ በደም ስር ስጪው» አለኝ። ሳይበረዝ! አምፑሉን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ያ ነገር ሳይበረዝ በአንዴ ከገባ ልብ ያቆማል። «ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ በርዤ በቀስታ ከሆነ እሺ፤ ካልሆነ ግን ካርዱ ላይ ጽፈህ ራስህ መጥተህ ስጥ» አልኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ «በርዢው» ብሎ ዘጋው። ይህ የእኔ አቋም ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ የነርስን የሥራ ወሰን የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው። የቴክሳስ ነርሲንግ ቦርድ (የነርሶችን ፈቃድ የሚቆጣጠረው አካል) ነርሷ አንድን ሥራ መሥራት ትችል እንደሆነ የምትመዝንበት መመዘኛ አለው። ሕጉ ይፈቅዳል ወይ፣ ችሎታው አለኝ ወይ፣ ሌላ አስተዋይ ነርስ በእኔ ቦታ ብትሆን ታደርገው ነበር ወይ፣ ለሚመጣው ኃላፊነት እወስዳለሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። የሐኪም ትእዛዝ ብቻውን አያሳልፍም። እዚያው ቴክሳስ አንዲት ነርስ በሐኪም ቃል ደረቱን ያመመውን ሰው 24 ማይል ርቆ ወደሚገኝ ሆስፒታል ላከችው፤ መንገድ ላይ ሞተ። ፈቃዷ ታገደ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እገዳውን አጸናው። ሐኪሙ አዞኛል ማለቷ አላዳናትም። በጽሑፉ ሥር «እምቢ ያለች ነርስ ትባረራለች» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ እኔ አልተባረርኩም። ለሁለት ወር የሌሊት ተራ በዛብኝ እንጂ።