ጥርስ ከልብ ጋር ምን አገናኘው?

«የልብህ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) ሊቀየርልህ ነው እንጂ ጥርስህን ማን ጠየቀህ? ሲሻልህ ትደርስበታለህ» ብለህ ታማሚውን የመከርክ ወንድሜ፣ ከቅንነት ቢሆንም ነገሩን ገለበጥከው። ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ጥርስ የሚታየው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ከተበላሸ ጥርስ ወይም ከሚደማ ድድ የሚነሳ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ኢንዶካርዳይተስ የሚሉት ይኸው ነው። አንዴ ከያዘ ቀልድ የለም፤ ለሳምንታት በደም ሥር አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ሌላ ቀዶ ጥገና። ስለዚህ የሚነቀለው አሁኑኑ ይነቀል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን «ጥርስ ልነቀል ነው» ብሎ በራሱ እንዳያቆም፤ የልብ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቫልቩ ከተቀየረለት በኋላም ቢሆን ለጥርስ ሐኪሙ ገና አፉን ሳይከፍት «ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለኝ» ይበል። ድድ ለሚነካ ሥራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አለ።