ለላፕቶፔ ክቡር እንቅልፍ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሲታዘዙ አለመተኛትን፣ ሲጠሩ አለመንቃትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማሻሻያ ከተጫነ ወዲህ ነገረ ሥራዎ ግራ አጋብቶኛል። ቀድሞ ክዳኑን ስዘጋው ይተኙ፣ ስከፍተው ይነሱ ነበር። ከዚህ ሌላ የጠየቅኩዎት ነገር አልነበረም። አሁን ክዳኑ ሲዘጋ ሥራ ይገባሉ፣ ሲከፈት ይተኛሉ። ማሻሻያው ሲጫን “ጥቂት ይታገሱ” የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበርና ታገስኩ። ጥቂት የተባለው ግን እስካሁን አላለቀም።

በቀደም ከፒያሳ ወደ ለገሃር በታክሲ ስወርድ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። ቸርችል ጎዳናን ሳናጋምስ ጭኔ ይግል ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቦርሳውን ዳሰስ አድርገው “ልጄ፣ ትኩስ ዳቦ ነው የያዝከው?” አሉኝ።

“ላፕቶፕ ነው እማማ። ተኝቷል።”

ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ። “ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያጓራው?”

ማራገቢያዎ ነበር፣ ክቡርነትዎ። እኔ ላይ ሲደርስ የሚያንቀላፋ ትጋትዎ ጨለማ ቦርሳ ውስጥ ማንን ሲያገለግል እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ለገሃር ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይጠብቁኛል። ክዳኑን ከፈትኩ። የቁልፍ ሰሌዳው መብራት ቦግ አለ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። “አሁን ይነሳል” እያልኩ ማውሱን ነካካሁ። የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ጋር አንድ ላይ መጫን የስክሪኑን ድራይቨር፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ እንደ አዲስ ያስነሳል፤ ጣቶቼን አጣምሬ እሱንም ሞከርኩ። ጭጭ ብለው ዝም አሉ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። በመጨረሻ ማብሪያውን ጫን ብዬ ይዤ አጠፋሁዎት፤ ያላስቀመጥኩት ጽሑፍም አብሮዎት ሄደ።

አራት ኪሎ ያለ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩዎት። ክዳኑን ሳይከፍት “ፎርማት ይደረግ” አለ። ዋጋውንም ሳያመነታ ጨመረበት።

እምቢ ብዬ የዘር ሐረግዎን ራሴ አጣራሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ ለኮምፒውተር እንቅልፍ ደረጃ አውጥቶለታል። ኤስ3 በሚባለው ደረጃ ሜሞሪው ብቻ ጥቂት ኃይል እያገኘ ሌላው በሙሉ ማለት ይቻላል ይጠፋል። እንቅልፍ ማለት ይህ ነው! በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ይህ ቀርቶ ከስልክ የተወረሰ ዓይነት ተተክቷል፦ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፕሮሰሰሩ ግን በየመሃሉ እየባነነ ኢሜይል ይለቅማል። ስልክ ቢሆኑ ባልከፋኝ ነበር፤ ስልክ ግን ማራገቢያ የለውም።

ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቼ “ፓወርሲኤፍጂ ላስትዌክ” በሚለው ትዕዛዝ፣ መጨረሻ ላይ የቀሰቀሰዎት ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ኔትወርክ ካርዱ ሆኖ ተገኘ። እኔ ስለምንዎ የማይሰሙ፣ እሱ ጠቀስ ሲያደርግዎ ዘለው ይነሳሉ።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ የኔትወርክ ካርዱ የመቀስቀስ ፈቃድ ተሰርዟል። በሰዓት የሚቀሰቅሱ ፕሮግራሞችም ታግደዋል። የስክሪኑ ድራይቨር ከማሻሻያው በፊት ወደነበረው ተመልሷል። ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ እርስዎ ከሥራ ታግደው ሃይበርኔት ተክቶዎታል። እሱ በሜሞሪ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ኃይሉን ጭራሽ ያጠፋል። ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፣ እውነት ነው። ግን መብራት ሄዶ ባትሪ በሚቆጠብበት ቀን ካስቀመጥኩበት አገኘዋለሁ።

ቅሬታ ካለዎት በሥራ ሰዓት፣ ማለትም ክዳኑ ክፍት ሳለ፣ ማቅረብ ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኔትወርክ ካርዱ
ለማራገቢያው
“ፎርማት ይደረግ” ላሉት ባለሙያ (ከፍተው እንዲያነቡት)