የእናት ፊርማ የልጅ ኃላፊነት አይሆንም

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሞኑን ወላጆችን ሰብስቦ ውሳኔውን አሳውቆናል። በጸጥታው ችግር የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ መምህራን ሁሉ በየቀኑ የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ ወላጅ በየማታው ደብተሩ ላይ ይፈርማል፤ ፊርማ የሌለው ልጅ ከሰልፍ ተመልሶ ወላጅ ያመጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ከመድረኩ የተሰጠው መልስ «ልጆች ኃላፊነት እንዲማሩ ነው» የሚል ነበር። ልጄ አራተኛ ክፍል ስለሆነች ነገሩን ከዳር ቆሜ ላየው አልችልም።

የማንን ኃላፊነት? ልጅቱ ሠርታ እናቷ ሳትፈርም ብትቀር የምትባረረው ልጅቱ ናት፤ ሳትሠራ እናቷ ብትፈርምላት ግን በሩ ላይ የሚያቆማት የለም። እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚመዝነው የልጅን ትጋት ሳይሆን ወላጅ ፊደል መቁጠሩንና ማታ ቤት መገኘቱን ነው። እናቷ ያልተማረች ልጅ የምታደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የጎረቤት ልጅ ታስፈርማለች፣ እሱም ከታጣ ራሷ ትፈርማለች። ኃላፊነት እናስተምር ብለን ተነሥተን በዘጠኝ ዓመቷ የሰው ፊርማ ማስመሰል እናስለምዳታለን።

ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን በስብሰባው ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በማስረጃነት መቅረቡ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ያማል፤ ያንን ውድቀት በሦስተኛ ክፍል ሕፃን የቤት ሥራ ማሳበብ ግን ድፍረት ነው። የቤት ሥራን ጉዳይ ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ሃሪስ ኩፐር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ዝምድና በላይኞቹ ክፍሎች ጎላ ብሎ በታችኞቹ እጅግ የሳሳ መሆኑን አሳይቷል። እሱ የሚደግፈው መጠን በቀን ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ፣ ማለትም ለአራተኛ ክፍል 40 ደቂቃ ነው። አምስት መምህራን ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው የ20 ደቂቃ ሥራ ቢሰጡ 100 ደቂቃ ይሆናል፤ እሱም ውኃ ተቀድቶ፣ ከብት ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ መብራት ካለ ነው።

ባሕር ማዶ መሻገርም ባላስፈለገን ነበር። ዲማን፣ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ስለ ተማሪ ኃላፊነት ሲነገር የአብነት ትምህርት ቤቱ እንዴት ይዘነጋል? በመጀመሪያው ደረጃ፣ በንባብ ቤት፣ ልጁ ቀን በብርሃን ፊደሉንና ዳዊቱን ያነብባል፤ ማታ የሚሰጠው ግን የቃል ትምህርት ነው፤ ውዳሴ ማርያሙን በጨለማ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይይዛል። ዓይን የሚሻው ለቀን፣ ጆሮ የሚበቃው ለማታ ተመድቧል። ቅኔ ቤት ሲገባም ሁለት ስንኝ ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ረጅሙ መወድስ አይጫንበትም። ብቻውን ዱር ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ቃል በቃል ሰምተው እዚያው ያርሙታል። የቆሎ ተማሪ ወላጁ ስንት ቀን በእግር በሚያስኬድ አገር ርቆ ይኖራል፤ ፊርማ የሚጠይቀው የለም። ተማሪው ግን ባዶውን ለመቅረብ ያፍራል፤ የሚያፍረውም መምህሩ ተቀምጠው እንደሚሰሙት ስለሚያውቅ ነው። ዱላውን አልናፍቅም፤ የመምህሩን ጆሮ ግን እናፍቃለሁ።

በልጄ ደብተር ላይ የተሳሳተ ድምር ሦስት ገጽ ሙሉ ቀይ ራይት ተደርጎበት አይቻለሁ። «ሰማንያ ደብተር እንዴት ይታረማል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው፤ ታዲያ ሊታረም የማይችለውን ያህል ስጡ ብሎ ማን አስገደደ? የማይታረም የቤት ሥራ ልጅን የሚያስተምረው ሥራው ለማንም ግድ እንደማይሰጠው ብቻ ነው።

ልጆቻችን ኃላፊነት አያውቁም የሚለውም ንግግር አገሩን ካለማየት የመጣ ነው። በገጠራችን የሰባት ዓመት ልጅ ጥጃ ተሰጥቶት ይውላል፤ ማታ ሲገባ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ተቀባዩም ይቆጥራል። ያንን የለመደ ልጅ ደብተር ሲሰጠው ኃላፊነት የሚጠፋበት፣ ተቀባዩ መቁጠር ስላቆመ ነው።

የጽሑፉ ሥራ በክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 15 ደቂቃ መምህሩ ባለበት ይሠራ። ለማታ የቃል ሥራ ይበቃል፤ የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል መያዝ፣ ከአያት አንድ ተረት ተቀብሎ ጠዋት በክፍል መንገር። ለዚህ ኩራዝም ፊርማም አያስፈልግም፤ የሠራና ያልሠራም ጠዋት አፉን ሲከፍት ይለያል።

የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እጄን አውጥቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ካለፈው ወር የቤት ሥራ ስንቱ እንደታረመ ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ይቅረቡና አብረን እንቁጠር።