ዘር ማንዘሯ ያልታወቀች ወፍ

ለቅሶ ቤት የማይጠፉ አንዳንድ እናቶች አሉ። ድንኳኑ በር ላይ ብቅ ያለውን እንግዳ አንዴ ቀና ብለው ያዩና «አፍንጫውን አያችሁት? የነእንትና ወገን ነው፤ በእናቱ በኩል» ብለው ወደ ንፍሯቸው ይመለሳሉ። ቢሳሳቱም የሚያርማቸው የለም። የጋል ወፍ ዘር የሚለዩ ሰዎች ከነዚህ እናቶች ጋር አንድ ማኅበር ቢጠጡ ያምርባቸው ነበር፤ ልዩነታቸው ቴሌስኮፑ ብቻ ነው።

ጋል ማለት ሀዋሳ አሞራ ገደል የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ሲወረወር ከአባ ኮዳ ቀድማ ለመሞጭለፍ የምትጣደፈው ነጭ የውሃ ወፍ ናት። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩት ባለ ግራጫ ራሶቹ ናቸው። እነሱን መለየት ቀላል ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ጠቡ የሚነሳው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ጀርባቸው የጠቆረ ትልልቅ ጋሎች ከሰሜን ሲወርዱ ነው። ዝርያቸው ላሩስ ፉስከስ ይባላል። ከፊንላንድና ከጎረቤቶቿ የሚመጣው ንዑስ ዝርያ ራሱ ፉስከስ ሲሆን፣ ከሰሜን ሩሲያ የሚመጣው ሆይግሊኒ ነው። ሆይግሊኒ የተሰየመው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 አገራችንን በዞረው በጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነው። ትውልዷ ሩሲያ፣ ስሟ ጀርመን፣ ቀለቧ የዝዋይ ዓሣ። እንግዲህ መታወቂያዋ ላይ ምን ይጻፍ?

መጀመሪያ የሚታየው ጀርባ ነው። ባለሙያዎቹ ከ0 እስከ 19 የሚቆጠር የግራጫ መለኪያ አላቸው፤ 0 ነጭ፣ 19 ጥቁር። ፉስከስ ከ13 እስከ 17 ስትደርስ፣ ሆይግሊኒ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ናት። መለኪያውን ለመጠቀም ግን ወፏን መያዝ ያስፈልጋል፤ ወፏ ደግሞ አልተስማማችም። ስለዚህ ጀርባዋን ከራሷ ክንፍ ጫፍ ጋር ማስተያየት ይሻላል። ጫፉ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ከሱ እምብዛም ካልተለየ ወደ ፉስከስ ያደላል፤ ጫፉ ጠቁሮ ጀርባው የጥቁር ሰሌዳ ግራጫ ከመሰለ ወደ ሆይግሊኒ። ይህም ቢሆን ደመና ሲኖር ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናቷን ስትመታት ጥቁሯ ግራጫ ትሆናለች፤ ትንሽ ዞር ስትል ደግሞ መልሳ ትጠቁራለች። በቴሌግራም የሚላከው ፎቶ ሁሉ የስድስት ሰዓት ፎቶ ነው። ሌንሱ ረጅም የሆነው ሰውዬም «መቶ በመቶ ሆይግሊኒ» ብሎ ይመልሳል፤ ሌንስ ሲረዝም ጥርጣሬ እንደሚያጥር የታወቀ ነው።

ከቀለም ይልቅ ቁመና ይሻል ነበር። ፉስከስ ቀጠን ያለች ናት፤ ስትቆም ክንፏ ከጅራቷ አልፎ ረዘም ብሎ ይወጣል። ሆይግሊኒ ደረተ ሰፊ፣ መንቁሯም ወፈር ያለ ነው። ነገር ግን ወንዱ ከሴቷ ስለሚገዝፍ ትልቅ ወንድ ፉስከስና ትንሽ ሴት ሆይግሊኒ ጎን ለጎን ሲቆሙ እንደ መንታ ሊታዩ ይችላሉ።

ዋናው መዘዝ ያለው ላባ ላይ ነው። ክንፉን የሚያስረዝሙት አሥሩ ትልልቅ ላባዎች ናቸው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቆጠራሉ፣ በዚያው ተራ እየወደቁ ይተካሉ። አሮጌው ቡናማና ጫፉ የተበላ ነው፤ አዲሱ ጥቁርና ጥርት ያለ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ የምዕራቦቹ ዘመዶቿ ክረምቱ ሳይጠና አዲስ ልብስ ለብሰው ሲጨርሱ፣ ፉስከስ አብዛኛውን የምትቀይረው አፍሪካ ገብታ ነው። የአውሮፓን የወፍ መጽሐፍ ይዞ ዝዋይ የሚወርድ ሰው ታዲያ ጉድ ይሆናል፤ ሆይግሊኒም ዘግይታ ቀያሪ ስለሆነች በጥር ሁለቱም ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ለብሰው ይጠብቁታል። ከዚያ የባሰ አለ። ዘጠነኛውና አሥረኛው ላባ ወድቀው አዲሶቹ ገና ካላደጉ ረጅም ክንፏ ፉስከስ አጭር ክንፍ ትሆናለች። «ክንፏ አጭር ነው፣ ሆይግሊኒ ናት» ብሎ ከመማል በፊት ላባ መቁጠር ይገባ ነበር፤ ግን ሰባት ቤት እንኳ ሳንቆጥር የምንዳር ሰዎች አሥር ላባ እንቁጠር?

ልጆቹን ተዉአቸው። ሙሉ የአዋቂ ላባ ለመልበስ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ የመጀመሪያ ዓመት ቡናማ ልጅ እያዩ ዘር መቁጠር ጫጩት አይቶ ዶሮ ወጥ እንደማሽተት ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ንዑስ ዝርያው አልተለየም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ትክክልም ነው። ግን ከአዲስ አበባ ነዳጅ ጨርሶ የመጣ ሰው ይህን ሲጽፍ ማየት ብርቅ ነው። ዓሣ አራጁ ልጅ በበኩሉ መደቡ አንድ ብቻ ነው፦ «ሌባ»።

ነገሩን የሚቆርጠው ቀለበት ነው። ፊንላንድ ውስጥ ጫጩቶች ላይ ፊደልና ቁጥር ያለበት ባለ ቀለም የእግር ቀለበት ይታሰራል፤ ያ ከተነበበ የተወለደችበት ቦታ ሳይቀር ይታወቃል። ቴሌስኮፑ ይተከላል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ጋል ግን ስታርፍ በአንድ እግሯ መቆም ትወዳለች፤ ሌላውን ሆዷ ላባ ውስጥ አጥፋ ትከተዋለች። የሚታየው እግር ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። በመጨረሻ አባ ኮዳ መጥቶ ሲገፈትራት ሁለቱንም እግሮቿን ዘርግታ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ጀርባዋ እየተከራከሩ ነው።