መልሴስ?

ነገሩን ያመጣው ነጋዴው ወዳጃችን ነው። ኪጋሊ ደርሶ በመጣ ማግስት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ስለ መንገዱ ጽዳት አውርቶ አውርቶ ሲያበቃ ወደ አውቶቡሱ ገባ። የኪጋሊ ከተማ አውቶቡስ ላይ ሒሳብ በካርድ ነው አለን። ታፕ ኤንድ ጎ ይሉታል። ቀድመህ ብር ትሞላበታለህ። ስትገባ መሣሪያው ላይ ታስነካዋለህ። ጢጥ ይላል፣ ሒሳቡ ይቆረጣል፣ ትቀመጣለህ። «ድሬም ቢመጣ ምናለ?» አለ።

ሸሚኖው ብርጭቆውን ቁጭ አደረገ። የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ድሬን የቆረቆራት ባቡር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። እሱ ግን ሐዲዱን በገዛ እጁ ያነጠፈው ይመስል፣ ስለ ማንኛውም መጓጓዣ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

«ካርድ ቀርቶን ነበር! በእኛ ጊዜ ትኬት ነበር። ትይዘዋለህ፣ ታየዋለህ። ካርዱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«አሁንስ መልስህን በምን ታውቃለህ?» አለችው መምህሯ። በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም።

መምህሯ በየቀኑ ከሳቢያን ትመላለሳለች። ስታወራው ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፣ የማናውቀው ነገር አይደለማ። ለረዳቱ ድፍን ብር ትሰጠዋለህ። «ዝርዝር የለህም?» ይልሃል፣ ጥፋቱ የአንተ ይመስል። «የለኝም» ስትለው «ቆይ እሰጥሃለሁ» ይልና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መጣራቱን ይቀጥላል። መውረጃህ ደረሰ። 2 ብርህን ትጠይቅ ወይስ ትተወው? ከኋላህ ሰው ይገፋል። ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ትወርዳለህ። ረዳት «መልስ ያላችሁ» ብሎ ሲጣራ ሰምቼ አላውቅም። «ሒሳብ ያልከፈላችሁ» ማለትን ግን አይረሳትም።

«እናቴ ‹ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል› ትል ነበር» አለች። «ሞኞቹ እኛ ነን። ሞፈሩም በየቀኑ ይቆረጣል።»

ለእውነት ከሆነ፣ ዝርዝር የጠፋው በረዳት ተንኮል ብቻ አይደለም። መስከረም 2013 ብር ሲቀየር 10፣ 50 እና 100 ብር በአዲስ ተተኩ፤ 200 ብርም ተጨመረ። 5 ብር ግን ሳይነካ ቀረ። ያ 5 ብር እጅ በእጅ ሲዞር ዳር ዳሩ አልቆ፣ መሐሉ በፕላስተር ተለጥፎ ይደርስሃል። ረዳቱ ሲሰጥህ ደህና ብር ነው። አንተ መልሰህ ስትሰጠው «ይሄ የተቀደደ ነው፣ ቀይርልኝ» ይልሃል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ አይደል?

ሸሚኖው እጅ አይሰጥም። «እሺ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ? መብራት ሲጠፋስ?»

ይህን ያስረዳን ስልክ የሚጠግነው ልጅ ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም። ውስጡ ያለው አንዲት ቺፕና የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። መሣሪያው ጋ ስታስጠጋው ኃይሉን የሚሰጠው መሣሪያው ራሱ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ይነቃል፣ ይነበባል፣ ይቀነስለታል። ቀሪው ሒሳብ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ተደርጎ ከተሠራ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ኔትወርክ መጠየቅ አያስፈልግም። መሣሪያው የሰበሰበውን መዝግቦ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ሆንግ ኮንግ በ1997 እ.ኤ.አ. ኦክቶፐስ የሚባለውን ካርድ ያወጣችው እንዲህ አድርጋ ነው። መብራትም ቢጠፋ፣ መሣሪያው ያለው መኪናው ላይ ነው፤ ከመኪናው ባትሪ ይወስዳል።

«ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደቻቱ አለ?» አለ ሸሚኖው።

የድሬው ወንዝ ደቻቱ ከካርድ ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አልገባንም። ጎርፉን ማለቱ ይሆናል። ጎርፍ ከመጣማ የወረቀቱም ብር አብሮ ይሄዳል።

ቀጠለ። «የት እንደገባሁ፣ የት እንደወጣሁ ይመዘገባል። መንግሥት ሁሉን ነገር ሊያውቅ ነው!» እዚህ ላይ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ሸሚኖው ስድስት ሰዓት ሲል ጫቱን ሊገዛ ቀፊራ ይወርዳል። ከዚያ ቤቱ ይገባል። በቃ። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፣ ሰፈሩ በሙሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሱ ነው።

ቁም ነገር የተናገረው ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነበር። «አቦ፣ እኔ ማታ ገቢውን ለባለቤቱ በእጄ ነው የማስረክበው። ብሩ ካርድ ውስጥ ከገባ መቼ ነው እኔ እጅ የሚደርሰው?»

«ነዳጅ በምን ትቀዳለህ?» አለችው መምህሯ።

«በቴሌብር።»

ሳቅ ሆነ። ሚያዝያ 2015 ነዳጅ በጥሬ ብር አይሸጥም ተብሎ ከአዲስ አበባ ሲጀመር፣ ኋላም ወደ ሌላው ከተማ ሲደርስ፣ የዚሁ የሸሚኖው ዓይነት ሰው ሁሉ አይሆንም ብሎ ነበር። ሆነ። የልጁ ጥያቄ ግን መልስ ያስፈልገዋል። የእለት ጉርሱን በእለቱ የሚያገኝ ሰው ብሩ ሦስት ቀን ሰርቨር ላይ ሊተኛበት አይገባም። እኔ ብጠየቅ፣ የቀኑ ሒሳብ በዚያው ምሽት የማይገባለት ከሆነ ጨርሶ አትጀምሩት እላለሁ። ሸሚኖው ይህን ነጥብ ይዞ ቢከራከር ኖሮ ይረታን ነበር። እሱ ግን ደቻቱ ላይ ነው።

ነጋዴው ደግሞ ባልጠበቅነው በኩል መጣ። ናይሮቢ ላይ ጉግል ከአንድ ባንክ ጋር ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. ማታቱ ለሚባሉት ሚኒባሶች ቤባፔይ የሚባል ካርድ አውጥቶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሸሚኖው ይህን ሲሰማ አጨበጨበ። ቀስ ይበል። ካርዱን ያልፈለገው ማን ነበር? ጥሬ ብሩን መልቀቅ የጨነቃቸው ባለ ማታቱና ረዳቱ ናቸው። ካርድ ውስጥ የገባ ብር ይቆጠራል። ረዳት ከባለቤቱ፣ ባለቤት ከግብር ሰብሳቢው የሚሸሽጋት ነገር አትተርፍም። «አየህ» አለች መምህሯ፣ «ሞፈር ቆራጩ ነው የጮኸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞኙማ ምን ብሎ ይጮኻል?»

ሸሚኖው በመጨረሻ የእሷኑ ተረት ነጠቃት። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ካልሽ፣ ገና ሳይሳፈር ብሩን ለሌላ ሰው ቀድሞ የሚያስረክብ ነው ሞኙ!» አጨበጨብንለት፤ ጎበዝ ነው። ውሸትም አይደለም። ለንደን ውስጥ ኦይስተር ካርድ ላይ ብር ሞልቶ የረሳው ሰው ብዛት ቀላል አይደለም። ግን እዚያ ካርዱን መልሰህ ቀሪህን መጠየቅ ትችላለህ፣ በሰነድ ያለ ገንዘብ ነው። ከበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ረዳት፣ ያውም ከወረድክ በኋላ፣ የት አግኝተህ ነው የምትጠይቀው? ይህን ስለው «ኤዲያ!» ብሎ ሻዩን አዘዘ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ፣ ቢያንስ ለእሱ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ሸሚኖው ካርዱን የጠላው በኔትወርክም፣ በመንግሥትም፣ በደቻቱም አይመስለኝም። መልሱን ጠይቆ ስለማያውቅ ነው። ጡረተኛ ሆኖ፣ ሳንቲም ቆጥሮ እየኖረ፣ ለረዳት «ይቅር» ብሎ ይወርዳል። ያኮራዋል። እኛ አገር መብትን መተው ጨዋነት ነው፣ መጠየቅ ቋጣሪነት። መልሷን የጠየቀች ሴት ደግሞ ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ ያያታል። «ለ2 ብር ብላ!» ይላል አንዱ፣ ያውም የእሱንም መልስ የበሉበት።

ነገሩ ሚኒባስ ላይ ቢቆም ባልከፋ። ሱቅ ስትሄድ መልስህ ማስቲካ ነው። ማስቲካ አልፈልግም ካልክ ባለሱቁ ይቀየምሃል። ማስቲካውን ይዘህ ሄደህ ሌላ ቀን ሒሳብ ልክፈልበት ብትለው ግን አብደሃል ይልሃል። ገበያ ላይ ሚዛኑ ትንሽ ያዘነብላል፣ አይተን ዝም እንላለን። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ መኪና ማቆሚያ፣ የሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ሁሉም «ዝርዝር የለም» ይልሃል። ዝርዝር የሌለው ሁልጊዜ ተቀባዩ ነው። ሰጪው ዝርዝር ባይኖረው ግን ጉድ ፈላ! በርጫ ላይ ተቀምጠን ስለ አሜሪካ ምርጫ እስከ ማታ እንጣላለን፣ ድምፃችን ግድግዳ ይነቀንቃል። ታሪፉ ተጽፎ ከተለጠፈበት መኪና ውስጥ ከታሪፉ በላይ ከፍለን ስንወርድ ግን ትንፍሽ አንልም።

አንድ ሰው ይህን አንብቦ «አሁን ለ2 ብር ይህን ሁሉ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ለ2 ብር ነው። በቀን ሁለቴ፣ ለዚያውም ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ።