የባጃጁ ሰማያዊ የዘር ሐረግ

ወሎ ውስጥ ዘር የሚቆጠረው ለሠርግ ብቻ አይደለም፤ ለመኪና ቀለምም ይቆጠራል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቡና በሚጠጣበት ደጃፍ ሰማያዊ ባጃጅ ካለፈ ወሬው አለቀለት። በአቦል፣ "ይኼማ የሐይቅ ውሃ ነው፣ ከዚያው ተቀድቶ" ይባላል። በቶና፣ "ኧረ ወዲያ! ከአዲስ አበባ ሚኒባስ የተኮረጀ ነው፤ ነጩ 400 ኪሎ ሜትሩን መዝለቅ አቅቶት ሸዋ ላይ ቀረ" ይባላል። በረካ ላይ ሁሉም ተመራርቆ ይነሳል። ቀለም ቀቢውን የጠየቀ ግን የለም። ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ "ሱቅ ውስጥ የነበረው እሱ ነበራ።"

ሌላ አገር ነገሩ ይህን ያህል ወግ አልወጣውም። የለንደን ጄኔራል ኦምኒባስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1907 አውቶቡሶቹን ቀይ የቀባው ከተፎካካሪዎቹ እንዲለዩለት ነው፤ አለቀ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው አረንጓዴ፣ ቃሊቲ የሚወርደው ሰማያዊ ነው። ዘሩን የቆጠረለት የለም።

ሰማያዊው በከንቱ አልተወደደም። ዛሬ በጣሳ የሚሸጠው ሰማያዊ በአብዛኛው ፍታሎሲያኒን ከሚባል ቅመም የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ብዙም አይደፍረውም። ርካሽ ቀይ ግን ፀሐይ ሲመታው ይገረጣል፤ ጀግና ብሎ ቀይ ያስቀባ ሰውዬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሮዝ ሲነዳ ይገኛል። ነጩ ደግሞ አይገረጣም፣ ይዱቄታል። ማጣበቂያው ደካማ ከሆነ ጥቁር ኮት ለብሶ የተደገፈ ወረፋ ጠባቂ ግማሹን ቀለም በትከሻው ይዞት ይሄዳል።

ለአንድ ባጃጅ ቆርቆሮ 1 ሊትር ተኩል፣ ለሚኒባስ በሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተደርቦ፣ 6 ሊትር ገደማ ቀለም ይበቃል። አንዱ ጣሳ ዛሬ፣ ሌላው ለሳምንት ሲገዛ ቀለሞቹ ወንድማማች እንጂ መንታ አይሆኑም። መድኃኒቱ ሁሉንም ጣሳ ባንድ ባልዲ ገልብጦ ማማሰል ነበር። ለባልዲ ግን ማን ገንዘብ ያወጣል?

ከዚያ በፊት ዝገቱ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ስቱኮ ይለሰንበታል። የስቱኮው ማድረቂያ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ባለቤቱ ሐሙስ ማታ መጥቶ "ነገ ሙሽራ ላጅብበት ነው፣ በአላህ!" ሲል ግን እጥፍ ይገባበታል። ትርፉ ማድረቂያ ቀን ቆጥሮ በነጩ ላይ ቢጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ሙሽሮቹ ሳይጣሉ ቀለሙ ቀድሞ ይፋታል።

ዋናው ተንኮለኛ ግን የደሴው ተራራ ጦሳ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ በክረምት ጉም ለብሳ ታድራለች። ቲነሩ ሲተን ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱም ቅዝቃዜውን አግኝቶ እንደ ጤዛ ያርፍበታል። ሰማያዊው ነጭ ሻሽ ያስራል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መግዛት ወይም ፀሐዩ እስኪጠና፣ እስከ 4 ሰዓት፣ መታገሥ ነበር። "ሞቃት አገር ይሻላል" ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ደግሞ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ሲያስረጭ ቀለሙ ሳይተኛ አየር ላይ ይደርቅበታል፤ ባጃጁ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ይመለሳል። ደሴ በረፋድ፣ ኮምቦልቻ በማለዳ ቢሆን ሁለቱም ያምር ነበር። የሚሆነው ግን ግልባጩ ነው።

ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ያበረከተ አገር ለተበላሸ ቀለም ስም አያጣም። የካታሎግ ቁጥር እዚህ አይሠራም። ግንባሩ ብቻ በነጭ የተጠገነው ቦራ፣ ፀሐይ የበላው ዳለቻ፣ ሦስት ጣሳ የነካካው ገብስማ ነው። "ገብስማው መጣ" ሲባል ዶሮ ይሁን ባጃጅ የሚለየው በጡሩምባው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

የሚረጨው አፍንጫ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ርቆ፣ እጅ ሳይቆም መሄድ አለበት። በአንደኛውና በሁለተኛው እጅ መካከልም አንድ ስኒ ቡና የሚያስጠጣ ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ይሰጣል። የቸኮለ ወይም የተጠጋ ከሆነ ቀለሙ እንባ ያወርዳል። እንባው እስኪደርቅ ተጠብቆ በ400 ቁጥር እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እንደገና መረጨት አለበት፤ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ጸሐፊ ይጠራና ከኋላ በኩል፣ ልክ እንባው በወረደበት ቦታ፣ በወፍራም ቢጫ ፊደል "አብሽር" ብሎ ይጽፍበታል።