ለደቻቱ ተሻጋሪዎች የቀረበ ውዳሴ

ለጀግና ሐውልት ማቆም በተለመደበት ሀገር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እያየ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር ለሚሻገረው የድሬዳዋ ሰው እስካሁን አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳ አለመሰጠቱ ያሳዝናል። ድልድይ መኖሩን አጥቶት አይደለም፤ በድልድይ ዞሮ መሄድ ለማንም የተፈቀደ ተራ ነገር ስለሆነ ንቆት ነው።

የዚህን ሰው የአየር ሁኔታ ዕውቀት ማድነቅ ይገባል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩ መጥራቱን ካየ፣ ትንበያ መስማት አያስፈልገውም። ደቻቱን የሚሞላው በከተማዋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻ ሳይሆን በደንገጎና በሐረማያ በኩል ባለው ደጋ ላይ የወረደው ጭምር መሆኑን፣ ያ ደጋ ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ሲል ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧን፣ ስለዚህም እዚህ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ውሃው እየተምዘገዘገ ሊደርስ እንደሚችል የሚያስረዱ አሉ። እነዚህ ጂኦግራፊ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የእኛ ሰው ግን ላዩ ላይ ያላየውን ደመና አያምንም።

የባጃጅ ሾፌሮቻችን ለብቻቸው ሊመሰገኑ ይገባል። አንዱ ጎርፉ ዳር ደርሶ ፍሬን ይይዝና፣ ውሃውን ለአፍታ በዓይኑ ለክቶ፣ ከኋላ ዘንቢል ታቅፈው ወደተቀመጡት እናት ዞር ይላል፦ «እማማ፣ እግርዎን ወደ ላይ ይሰብስቡ፤ አይዞዎት።» የደኅንነት መመሪያው በዚህ ይጠናቀቃል። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ፤ እሱ ነዳጁን ይሰጠዋል። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ እንደሚችል የተጻፈው ባለ አራት እግሮቹን ለማስፈራራት መሆን አለበት፤ ባለ ሦስት እግሩን የሚመለከት ነገር የለበትም። ቡናማው ውሃ ከሥሩ ለግንባታ አሸዋ የተዛቀበትን ጉድጓድ መሸፈኑም ቢሆን ጉዞውን አጓጊ ያደርገዋል እንጂ ምን ይጎዳል?

የበጋውን ዝግጅትም መርሳት ነውር ነው። ወንዙ ደርቆ አሸዋ በሆነባቸው ወራት በማዳበሪያ የታሰረ ቆሻሻ፣ የበርጫው ገረባ፣ ፌስታልና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ሁሉ በትጋት ይጠራቀምበታል። ውሃው ሲመጣ ባዶ ሜዳ እንዳያገኝና መንገዱን እንዲቀይር ታስቦ ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ እንግዳ ተቀባይነት የለም። ወደ ሰው ግቢ መግባቱ አያስገርምም፤ መንገዱን ዘግተን በር ከፍተንለታል።

አንዳንድ አዛውንት ግን ይህን ሁሉ ጀብዱ በአንድ ቀን ያደፈርሱታል፤ ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. በሚባለው። በዚያች ሌሊት ደቻቱ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ መብላቱንና ሺዎችን ያለ ቤት ማስቀረቱን እያነሱ፣ ወንዙ ዳር የቆመ ወጣት ባዩ ቁጥር በከዘራ ያባርራሉ። ወጣቱም በአክብሮት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስና፣ አዛውንቱ ሲያልፉ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ይጠጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለውን እንደ ግብዣ የተረዳ ትውልድ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ከነሳቁ ይቀርጸዋል።

ለተመልካቹ መብዛት ዋናውን ድርሻ የሚወስደው ግን ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው። «ጎርፍ መጥቷልና ከወንዙ ዳር ራቁ» የሚል ድምፅ በማይክራፎን ሲሰማ፣ እስከዚያ ቤቱ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ የት ጋ እንደሚታይ ያውቅና ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል። ማይክራፎኑ ባይኖር ግማሹ ሕዝብ ጎርፉ ሳያየው ያመልጠው ነበር።